የሩቅ ኮከብ ሙሽራና ተርጓሚው በፍቃዱ

ይድረስ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢዋ ሰፊ ሕዝብ! በመብራት መቆራረጥ ያልተንበረከከ፣ ስምንት አግዳሚ ወንበርና አንድ ማይክሮፎን የሚገዛ፣ የሕዋ ፍጡራን ሁሉ አንደበት የሆነ በፍቃዱ የተባለ ጀግና ከመናኸሪያው ጀርባ ተነሥቷል። የሚቃወም አድኃሪ ካለ መግቢያ ከፍሎ ይቃወም!

ጀግናው ቪዲዮ ቤት አለው። የፈረንጅ ፊልም ይከፍትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ይተርካል። እንግሊዝኛው አሥረኛ ክፍል ላይ ከነፈተናው ስለወደቀ፣ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። ጠይቆት የሚያውቅ የለም። ተሰብሳቢ መቼ ጠይቆ ያውቃል?

ሙሉሐረግ የታጨችለት እሷ በስድስት ዓመቷ፣ እሱ በአሥር ዓመቱ ነው። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ዳር የአባቶቻቸው ማሳ ይዋሰናል፤ ልጆቻቸውንም አዋሰኑ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሪያድ ሄደች። ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ፣ ለአባቷ ለአያ ባህሩ የቆርቆሮ ቤት አቁማ፣ በኅዳር ተመለሰች። በፍቃዱ ሰባቱንም ዓመት ጠበቀ። ጠብቀኝ ስትለው የሰማ ግን የለም። እሑድ ሽማግሌ ሊልክ፣ ቅዳሜ በገበያው ቀን፣ ልቧን ላራራ ብሎ ቪዲዮ ቤቱ ጠራት።

የመረጠው የድሮ የሕዋ ተከታታይ ፊልም አንድ ክፍል ነው። በዚያ ኮከብ ወንዶቹ አይስቁም፣ አያለቅሱም። የማግቢያ ወራቸው ሲደርስ ግን ደማቸው ይፈላል፤ የታጨችላቸውን ካላገኙ አመድ መስለው ይሞታሉ። ሙሽራው ሰማያዊ አሸዋ ላይ ተንበርክኮ ይጠብቃል፤ ሙሽሪት እጇን ከጫነችበት ይድናል። ይቺኛዋ ሙሽሪት እጇን ሳትዘረጋ ብዙ ተናገረች።

«ሰባት ዓመት ስጠብቅህ ዓይኔ ፈዘዘ፣ ጌታዬ!» አለ በፍቃዱ ድምፁን አቅጥኖ።

ቤቱ አጨበጨበ። «አቦ ይመችህ!» አለ ባጃጅ ነጂው አዩብ።

«አላለችም» አለች ሙሉሐረግ ከኋላ ወንበር። እንግሊዝኛውን ከአሠሪዎቿ ልጆች ጋር ቴሌቪዥን ስታይ ለምዳዋለች።

«ታዲያ ምን አለች፣ እህቴ?» አለ አዩብ።

«‹የሰጡኝ ሳላውቅ ነው። ብትሞት አዝናለሁ፤ ግን አላገባህም› ነው ያለችው።»

«ፊልሙ ነው ያለው ወይስ አንቺ?» አለ በፍቃዱ። ማይክሮፎኑ አልተዘጋም ነበርና ጥያቄው መንገድ ድረስ ተሰማ።

«ፊልሙም ብሏል።»

«ወላሂ፣ ዛሬ ገና ተርጓሚ አገኘን!» አለ አዩብ። ሳቁ ቆርቆሮውን አርገፈገፈው። አሸዋው ላይ የተደፋው ሙሽራ የሚተርክለት አጣ። ሙሉሐረግ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ የምትሉ፣ ይህን አገር አታውቁትም። እሑድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ አያ ባህሩ ግቢ ደርሰው ቆሙ። ሽማግሌ መልስ ሳይሰጠው አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ ልጅቱ ተሰጠች ማለት ነው።

«አያ ባህሩ፣ የቃልዎን ነገር ይዘን መጥተናል» አሉ አንጋፋው። «ትናንት ተባለ የተባለውንም ሰምተናል።»

«የቪዲዮ ቤት ወሬ ደጄን አይረግጥም። እኔ ቃሌን አላጥፍም» አሉ አያ ባህሩ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው፣ «ሙሉዬ፣ ወንበር አውጪላቸው!»

ሦስት ወንበር ነበር። አንድ በአንድ ያወጣችው እሷ ናት። ተቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ ገበያ አልታየችም። ፓስፖርቷን አያ ባህሩ ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። በፍቃዱ «ይቅርብኝ» ቢል ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል፤ ሽማግሌው የእሱ ነው፣ የላካቸውን መልሶ መጥራት ይችላል። አዩብ ይህንኑ አንሥቶበት ነበር።

«በፌ፣ አላገባህም ብላህ የለም እንዴ?»

«ፊልም ነው እኮ!» አለና ወንበሮቹን መወልወል ቀጠለ። ግን ዓይኑን አላነሣም። ሰምቷታል። ሰምቶ ነው የሚወለውለው።

ሠርጉ ለጥር ሃያ ሦስት ተቆርጧል፤ ጥሪው ለሁሉም ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከመጣህ፣ ድንኳኑ ውስጥ ቦታ ይዘህ ጠላህን ከመቀበልህ በፊት፣ ወደ ሙሽሪት ጠጋ በልና፣ እባክህ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለህ ጠይቃት…