የእሜቴ የመጨረሻ ጠብታ

ጋሼን ማናደድ የፈለገ ሰው የሚጠብቃትን ፍየል «ፍየል» ብሎ ይጥራት። «እሜቴ በላት!» ብሎ ያፈጥበታል። ባለቤቱ እንኳ፣ «እኔን አንድ ቀን እሜቴ ብሎኝ አያውቅም» ትላለች፤ እየሳቀች ይሁን እያረረች እንጃላት።

ጋሼ የምርምር ተቋማችን የእንስሳት ጠባቂ ነው። እሱ ታች ጋጣው ውስጥ፣ እኔ ላይ ፎቅ ጨለማው ክፍል ውስጥ እንሠራለን። ከእሜቴ ደም አንቲቦዲ የሚባለውን የበሽታ መከላከያ እናወጣና የሚያበራ ቀለም እንለጥፍበታለን። አንቲቦዲውም ሴል ውስጥ ገብቶ የምንፈልገውን ፕሮቲን ፈልጎ ይይዛል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሰማያዊ ብርሃን ስንለቅበት፣ ፕሮቲኑ ያለበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ይበራል።

ደም ሲቀዳ ጋሼ አንገቷን አቅፎ ይቆማል። የእንስሳት ሐኪሙ ትንሽ ከቆየ፣ «በቃ ተዋት፣ ደክሟታል» ይለዋል። በኋላ ደግሞ ደረጃው ሥር ጠብቆ እኔን ይይዘኛል።

«አበራች?»

«አበራች፣ ጋሼ።»

«እንዴት አድርጋ?»

ምኑን ልንገረው! ከጋጣ የወጣ ሰው በዚያ ቀን ላይ ፎቅ አይወጣም፤ ሕግ ነው። ጋሼ ደግሞ ታሞ እንኳ ከጋጣው አይቀርም። «አንድ ቀን አያታለሁ» እንዳለ ዓመታት ሄዱ።

እሜቴ አርጅታ ሞተች። ጋሼ ባዶ ጋጣዋን መጥረጉን፣ ውሃዋን መቀየሩን አልተወም። አንዱ ቀልደኛ ሆን ብሎ «ፍየልህስ?» አለው፤ እንደ ወትሮው አላፈጠጠበትም፣ መጥረጉን ቀጠለ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ናፍቆት ሰው ሲያከሳ በዓይኔ አየሁ።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ከእሷ የቀረው አንድ ጠብታ አንቲቦዲ ነበር። ከዚያ ወዲያ የእሜቴ የሚባል ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ነገ ጋጣ እንዳትገባ። ታጥበህ፣ ልብስህን ቀይረህ፣ ቀጥ ብለህ ወደ እኔ ና።»

«ሌሎቹንስ ማን ያያቸዋል?»

«ወይ ጉድ! አንተ ከሌለህ ዓለም ይቆማል እንዴ?»

መጣ፤ የሠርግ ልብሱን ለብሶ! ልስቅ አልኩና ፊቱን ሳየው ተውኩት። መብራቱን አጠፋሁ፤ ጠብታዋን ሴሎች ላይ የጨመርኩባትን ስስ መስታወት ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ቶሎ እያት። ብርሃኑ ሲቆይባት ቀለሙ ይደበዝዛል፤ ከደበዘዘ አይመለስም።»

ጎንበስ አለ። ዓይኑን ማያው ላይ ገጠመ።

«አይ እሜቴ» አለ ቀስ ብሎ። «ይኼን ሁሉ ይዘሽ ነው እንዴ እንዲያ ዝም ያልሽው?»

እንባው አፍንጫው ላይ ሲወርድ አልጠረገውም። እኔም አላስቻለኝም፤ ፊቴን አዞርኩ።

«እየቀነሰች ነው» አለኝ።

«ግድ የለህም፣ እያት። እስክትጠፋ ድረስ ያንተ ናት።»

ጋሼ ግን ቀና አለ። አንድ እጁ የማይክሮስኮፑን አንገት አቅፎ ይዟል።

«በቃ አጥፊው፣ ልጄ» አለኝ። «ደክሟታል።»