ለልጄ ልደት የመጣው ኬክ

ልጃችን አንድ ዓመት ሲሞላው፣ እኔና ባለቤቴ አቅማችንን አይተን መቱ ከሚገኝ ኬክ ቤት ለቤተሰብ ብቻ የምትበቃ ትንሽ ኬክ አዘዝን። አማቴ ግን ሳይነግሩን ከያዮ ድረስ ዘመድ ጠርተው ኖሮ፣ በዕለቱ ቤቱ ሞላ። ኬኳ ለማን ትደርሳለች ብዬ ስጨነቅ ባለቤቴ ካርቶኑን ከፈተችው። ውስጡ ያለው ትልቅ ኬክ ነው፤ ላዩ ላይም «ጋሼ ቶሎሳ፣ እንኳን ለጡረታ አበቃዎት» ይላል።

አማቴ ቀስ ብለው «ቶሎሳ ደግሞ ማነው?» አሉ።

ልመልሰው ብዬ ካርቶኑን አንስቼ በሩን ስከፍት፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል።

«ቶሎሳ እባላለሁ። ኬክ ቤቱ እንዳቀያየረብን አሁን ነው የነገረኝ» አሉ።

«ይኸው ጋሼ፣ አልነካነውም» አልኳቸው።

«ለእንግዶችህ ይሁን። የእናንተን እኮ ቢሮ ውስጥ በልተን ጨርሰነዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

ትልቅ ሸክም ከላዬ ወረደ። ግቡ ብዬ አስቀመጥኳቸውና «የልጄ ስም ግን ተጽፎበት ነበር፤ ‹ገመቹ› የሚለውን አላያችሁትም?» አልኳቸው።

«አይተነዋል እንጂ። በኦሮምኛ ደስታ ማለት አይደል? መሥሪያ ቤቱ ስለተገላገለኝ የተደሰተ መስሎኝ፣ ቅር እያለኝ ነው የቆረስኩት። አሁን ቀለለኝ» አሉ።