የታጠፈው አጥር

ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ያማረ የድንጋይ ግንብ አይቶ የማን እጅ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው አንድ ስም ነው፤ ቲቶ። ቲቶ ከወላይታ፣ ከቦዲቲ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መጥቶ ሰበታ ላይ ለፋብሪካ ግንባታ ድንጋይ በመሸከም ጀመረ። አሁን አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። በእሱ እጅ ሠልጥነው ዛሬ በየከተማው የራሳቸውን ሥራ የያዙ ግንበኞች ብዙ ናቸው።

በወጣትነቱ ግን ሰው የሚሸሸው ግንበኛ ነበር። እጁ ቀና፣ አንደበቱ ስለታም። ሰበታ ላይ ካሳሁን የሚባል የሥራ ባልደረባው የሠራው ግድግዳ ሁለት ጣት ያህል ዘሞ ቢያገኘው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት በእግሩ ገፍቶ ጣለው። ግድግዳው በእርግጥ ዘሞ ነበር። ካሳሁን መዶሻውንና የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበትን ቱንቢውን ሰብስቦ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ግንባታ ላይ ያየው የለም። የዓይኑ ብርሃን እየደከመበት፣ ለማንም ሳይነግር ይሠራ እንደነበር የተሰማው ቆይቶ ነው። ቲቶ ይህን ሲያነሳ ዛሬም ድምፁ ዝቅ ይላል። "ግድግዳውን በተመለከተ ልክ ነበርኩ" ይላል። "ሰውየውን በተመለከተ ግን አልነበርኩም።"

ከሁለት ዓመት በፊት ዳኜ የሚባል የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ቡራዩ ላይ ለገዛው ቦታ አጥር እንዲሠራለት ቲቶን ቀጠረው። ቀያሹ በኖራ አስምሮ፣ ችካል ተክሎ ሄዷል። ቲቶ ሲባጎውን ሲወጥር መስመሩ የጎረቤቲቱን ቤት ጥግ ቆርጦ የሚያልፍ ሆኖ አገኘው። ጎረቤቲቱ፣ ሰፈሩ በኦሮምኛ አክብሮት አዴ ሃዋ የሚላቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው፤ በዚያ ጥግ ባለው ክፍል ውስጥ የታመመች እህታቸው ተኝታለች። ዳኜ ካርታውን ዘርግቶ አሳየ። ካርታው እውነት ነበር፤ ጥጉ ያረፈው በእሱ መሬት ላይ ነው። ጥጉ ፈርሶ አጥሩ ቀጥ ብሎ እንዲገነባ አዘዘና ሄደ።

ሠራተኞቹ የቲቶን ፊት ያዩ ጀመር። የድሮው ቲቶ ቢሆን መዶሻውን ወርውሮ፣ ነጋዴውን በሰው ፊት አዋርዶ ይሄድ ነበር። አሁን ግን ቆም ብሎ አሰበ። ጥሎ ቢሄድ ነገ ሌላ ግንበኛ ይመጣል፣ ጥጉም ይፈርሳል፤ የእሱ እጅ ንጹሕ ቢሆን ለአዴ ሃዋ ምን ይፈይዳል? ዳኜን በሰው ፊት ቢናገረው እልህ ይገባዋል። ዝም ብሎ ቢገነባ ደግሞ ራሱን መልሶ ማየት አይችልም። ስለዚህ ሠራተኞቹን በሌላኛው ወገን መሠረት እንዲቆፍሩ አሰማርቶ ወደ አዴ ሃዋ ቤት ገባ።

"አዴ፣ አልዋሽዎትም። ወረቀቱ የእሱ ነው" አላቸው።

አሮጊቷ የእህታቸውን ክፍል በር ገርበብ አደረጉ። "ታዲያ ምን ይሻላል፣ ልጄ?"

"ሦስት ቀን ይስጡኝ።"

አንድ ያስተዋለው ነገር ነበር። ድንጋይ የጫነው መኪና በዳኜ በር መግባት አቅቶት ጭነቱን ውጭ አራግፎ ነበር። መኪና ወደ በሩ የሚዞርበትን ቦታ የሚያጠበው ከላይ በኩል ያለው የአዴ ሃዋ የጓሮ ጫፍ ነው፤ ሁለት ባሕር ዛፍ ብቻ የቆመበት ቁራጭ መሬት። በማግስቱ ማለዳ ዳኜን ብቻውን ጠርቶ በሩ ላይ አቆመውና መሬቱን በእርምጃ እየለካ አሳየው። ከታች ጥጉን ቢተውላቸው፣ ከላይ ያንን ጫፍ ቢለቁለት፣ አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ይታጠፋል፤ የዳኜ የጭነት መኪና ግን ግቢው ውስጥ ገብቶ ይዞራል።

ዳኜ አፈሩን በጫማው ሲጭር ቆየ። "ይህንን ትናንት ለምን አልነገርከኝም?"

"ትናንት በሰው ፊት ብነግርዎት እሺ ይሉኝ ነበር?"

ዳኜ ሳይፈልግ ፈገግ አለ። አዴ ሃዋም ነገሩን ሲሰሙ ባሕር ዛፎቹን ራሳቸው አስቆረጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ኡዘይር ባሉበት ተፈራረሙ፣ የሁለቱም ካርታ በመሬት ጽሕፈት ቤት ተስተካከለ። ቲቶ አጥሩ ለሚታጠፍበት ቦታ ምርጥ ምርጡን ድንጋይ አንድ በአንድ ጠርቦ አስቀመጠ። ከአጥሩ ሁሉ የሚያምረው ያ ቦታ ነው።

ባለፈው ዓመት ልጆቹ ስላደጉለት፣ ቲቶ የኮንስትራክሽን አስተዳደር ለመማር ሰበታ ባለ ኮሌጅ የቅዳሜ ክፍል ተመዘገበ። ከተማሪዎቹ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። የሥነ ምግባር መምህርቷ ሐኒ ወጣት ናት። አንድ ቅዳሜ ስለ አንድ የጥንት ግሪክ ፈላስፋ ስታስተምር፣ ደግነትም ሆነ ፍትሕ ከመጽሐፍ እንደማይገኝ፣ ሰው በመገንባት ግንበኛ እንደሚሆን ሁሉ ፍትሐዊ የሚሆነውም ፍትሕን ደጋግሞ በመሥራት እንደሆነ ተናገረች። ክፍሉ በሙሉ ወደ ቲቶ ዞረ። እሷም ፈገግ ብላ ቀጠለች። ድፍረት በፍርሃትና በግብታዊነት መካከል እንደሆነ፣ መካከሉን የሚያገኘው ግን ደንብ የሸመደደ ሳይሆን በኑሮ የበሰለ አእምሮ እንደሆነ፣ ይህንንም ግሪኮቹ ፍሮኔሲስ ይሉት እንደነበር አስረዳች። ከዚያም በአንዲት የግሪክ ደሴት ግንበኞች ከእርሳስ፣ ጥይት ከሚሠራበት ለስላሳ ማዕድን፣ የተሠራ መለኪያ ይይዙ እንደነበር ነገረቻቸው፤ መለኪያው በድንጋዩ ቅርጽ ይታጠፋል። ፈላስፋው ሕግ ላልደረሰበት ጉዳይ የሚሰጥ ፍርድም እንዲህ መሆን አለበት ብሏል።

ቲቶ እጁን አወጣ። እሱ በእርሳስ ፈንታ ቀጭን ሽቦ እንደሚጠቀም፣ ሽቦውን በድንጋዩ ላይ አጥፎ ቅርጹን ወደሚቀጥለው ድንጋይ እንደሚያሻግር በእጁ እያሳየ ተናገረ። "መለኪያው ይታጠፋል እንጂ አይጠፋም" አለ። "ቱንቢው ግን መቼም አይታጠፍም። የትኛውን መቼ እንደምታነሳ ማወቅ ነው ሙያው።"

ሐኒ ጠመኔውን አስቀመጠች። "ጋሽ ቲቶ፣ ይህንን ከየት ተማሩት?"

"ከስህተት" አለና ትንሽ አሰበ። "ግን ያ ፈላስፋ ያሉት ሰው፣ ግንበኞች ሲሠሩ ቆሞ አይቷል። ቆሞ ያላየ ሰው ይህንን አይጽፍም።"

ያን ቀን ከሰበታ እስከ ቡራዩ በሚኒባስ ሲመለስ ደረቱ ሞልቶ ነበር። ሌላው የሚያፍርበትን አቧራ የለበሰ ሥራ፣ ከሁለት ሺህ ከሚበልጥ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ሰው ለፍትሕ ምሳሌ አድርጎ መርጦታል። ቤት ሲደርስ ለሚስቱ ለሙሉነሽ ሁለት ጊዜ ነገራት።

ፈተናው ላይ ያገኘው ቢ ነው። በአንዱ ጥያቄ ላይ ስለ አጥሩ ሲጽፍ ጊዜው አልቆ ሁለት ጥያቄ ባዶ ቀርቶበታል። አልከፋውም።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ኦቦ ኡዘይር በጠዋት በሩን አንኳኩ። "አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ቲቶ" አሉት፣ እንደምን አደርክ ለማለት፤ ኦቦ በሚለው የአክብሮት መጠሪያ ሲጠሩት የመጀመሪያቸው ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጎረቤት ሲጣላ አብሯቸው ለሽምግልና እንዲቀመጥ ተስማምተው ነበር። ቲቶ እጁን ታጥቦ፣ ኮቱን ደርቦ አብሯቸው ወጣ። ሙሉነሽ እስከ መንገዱ መታጠፊያ በዓይኗ ሸኘችው።