ሳይመለስ የቀረው የኤርጎ ድምፅ

የኤርጎ ዶላሞ ድምፅ በጥር 1998 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ተወሰደ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ወሳጁ ኦሬስቴ ፋልኬቲ የተባለ ጣሊያናዊ የኦፔራ ዘፋኝ ነው። አስማሚው በጊዜው የጂንካ አዳራሽ አስተዳዳሪ የነበረው አቶ ሚልክያስ ተረፈ ነው። የሁለቱም ድርሻ ተለይቶ ይታወቅ፤ በደል በጅምላ ሲነገር ለበዳዩ መሸሸጊያ ይሆናል።

ኤርጎ በያጅ ነው። የጂንካ የብረት በር ግማሽ ያህሉ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ድምፁን ያጎለመሰው ግን በአሪ ተራሮች ላይ፣ ከሸለቆ ማዶ ያለ ጎረቤት እየተጣራ ሲያድግ ነው፤ ቀስ ብሎ ሰላም ሲል እንኳ የሻይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ዘንድ ብቻውን ቆሞ የሚዘምረው እሱ ነበር።

በእነዚያ መዘምራን መካከል አንድ ደንብ አለ። ብቻውን የሚዘምረውን ጉንፋን ከያዘው ከሌላ አጥቢያ ድምፅ ይዋሳል። በሚቀጥለው እሁድ የተዋሰው በጉባኤ ፊት ቆሞ «ያ ድምፅ የእገሌ ነበር» ይላል፤ መመለስ ማለት ይኸው ነው። እስኪመለስለት ድረስ ያዋሰው ብቻውን አይዘምርም፤ ቢዘምር፣ ያዋሰውን ከእጅ እንደ መንጠቅ ይቆጠርበታል። አንድ ሳምንት ዝም ማለት ማንንም ገድሎ አያውቅም።

ፋልኬቲ በበኩሉ አርባ ዓመት በመድረክ ላይ ኖሯል። ባሪቶን ነው፤ ድምፁ ከቀጭኑና ከጎርናናው የወንድ ድምፅ መካከል ያለ። በኦፔራ ልጅቷን የሚወስደው ቀጭኑ ነው፤ ለባሪቶን የሚተርፈው ቅናት፣ ሴራና በመጨረሻው ክፍል በሰይፍ መወጋት ነው። ፋልኬቲ በጣሊያን ትንንሽ ከተሞች፣ በራሱ ቆጠራ፣ ስድስት መቶ ጊዜ ተወግቶ ሞቷል፤ አንዱም ሞት አልያዘለትም። ከመድረክ ሊሰናበት ሲነሣ የኦሞ ወንዝ ታሰበው። ወንዙን ቁልቁል በሚያየው ኮልቾ ገደል ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ለካሜራ ሲል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ነፋሱ ዘፈነ። ነፋሱም በአቧራ መለሰለት። ለስንብት ዝግጅቱ ጂንካ ሲደርስ ጉሮሮው እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይል ነበር።

ኤርጎ በዚያው ሳምንት የአዳራሹን የመጋረጃ ብረት ይበይድ ነበር። አጃቢው ፒያኖ ተጫዋች የዝግጅቱን መዝጊያ ዘፈን ከፋልኬቲ የድሮ ካሴት እያሰማ ሦስት ቀን ሲለማመድ፣ ኤርጎ መሰላሉ ላይ ሆኖ ትርጉሙ ሳይገባው ቃል በቃል ያዘው። ደንቡን የሚያውቀው የአጥቢያው ሰው ሚልክያስ፣ ኤርጎ ሲያንጎራጉር ሰማ።

«ኤርጎ፣ ና ውረድ! ለሰውየው ድምፅህን አውሰው።»

«ፈረንጅም ይዋሳል እንዴ?»

«ጉንፋን ዘር አይመርጥም!»

«በኋላስ ቆሞ ይናገራል?»

«እንዴታ! እኔ ተያዥ ነኝ።»

የፋልኬቲ አስተርጓሚ ናርዶስ አጠገባቸው ነበረች፤ ስለ ደንቡ አንድ ቃል እንድትተረጉም ግን የጠየቃት የለም። ኤርጎ ደንቡን ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መሰለው። የእሱ ጥፋት ይህ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ፋልኬቲ ከመጋረጃው ፊት አፉን ከፈተ፤ ኤርጎ ከጀርባው፣ የሠርጉን ክራባት አስሮ፣ ዘፈነ። መጨረሻው ላይ ሽማግሌው ምራቁን ሊውጥ አፉን ገጠመ፤ ድምፁ ቀጠለ።

«በኢየሱስ ስም! በሆዱ ነው እንዴ የሚዘፍነው?» አለች ከፊት የተቀመጠች ሴት።

«ዝም በይ፣ ባሌ ነው» አለች የኤርጎ ሚስት የሺሀረግ።

«ይሄ ሽበታሙ?»

«የሚታየው አይደለም፤ የሚሰማው!»

ጭብጨባው ጣራውን አናወጠው። ፋልኬቲ እጅ ነሣ፣ አለቀሰ፣ አበባ ተቀበለ። ኤርጎ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ፣ እስኪጠራ ጠበቀ። የጠራው ዘበኛው ነው፤ በሩን ሊዘጋ ፈልጎ።

እሁድ ፋልኬቲ ጉባኤ ፊት አልቆመም፤ ዓርብ በአውሮፕላን ሄዷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ናርዶስ ሲዲ ይዛ ወደ ብየዳ ቤቱ መጣች። ሽፋኑ ላይ ፋልኬቲ ኮልቾ ገደል ላይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል፤ የመጨረሻው ዘፈን ጂንካ ላይ የተቀዳው ነው። ጀርባውን አነበበችለት፦

«ጋሼ፣ ‹አፍሪካ ለአረጋዊው ባሪቶን የወጣትነት ድምፁን መለሰችለት› ይላል።»

«አፍሪካ የምትባለዋ እኔ ነኝ?» አለ ኤርጎ።

ሲዲውን ይዞ ሚልክያስ ቢሮ ሄደ። ከፋልኬቲ የተላከው የምስጋና ወረቀት በመስታወት ተለብጦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«አቶ ሚልክያስ፣ ተያዥ ነኝ ብለውኝ ነበር።»

«ማስረጃ አለህ?»

«ጉሮሮዬ።»

«ጉሮሮ ማኅተም የለውም።»

ፋልኬቲ በ2004 ሞተ፤ ይህኛው ሞት ያዘለት። ወንድሙ የተባለው የመዘምራኑ መሪ «የተዋሰው ከሞተ ተያዡ ይመልስ» ሲል ፈረደ። ፍርዱ ሚልክያስ ባለበት ተነበበ። ሚልክያስ መዝሙር መጽሐፉን ገለጠ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙት ከመቃብር ተነሥቶ አይመሰክርልህ፤ ዝም ብለህ ዘምር!» ትለዋለች የሺሀረግ።

«አልተመለሰልኝማ» ይላል ኤርጎ።

«ያ ድምፅ የኤርጎ ዶላሞ ነበር።» አምስት ቃል ነው። ሚልክያስ ጡረታ ወጥቶ፣ እሁድ እሁድ በሦስተኛው ረድፍ ይቀመጣል። አልተናገረም። ኤርጎም ከ1998 ወዲህ ብቻውን አልዘመረም።