በረኪና በስክሪን የመጣችበት እሁድ

አክስቴን ሰፈሩ «በረኪና» ይላታል። አንድም ዕድሜዋን በሆስፒታል ላውንደሪ ስላሳለፈች ነው፤ አንድም ምላሷ የነካውን ሁሉ ስለሚለበልብ። ስሙን በሐሜት ነበር ያወጡላት። እሷ ግን «ከሽቶ ይሻለኛል» ብላ ተቀበለችው።

ጸሎት ቤታችን ባሕር ማዶ ላለ የሚሲዮን ክሊኒክ ሰው ሊልክ ነው ሲባል፣ ሰባኪ የሚላክ የመሰለው ብዙ ነበር። ክሊኒኩ የጠየቀው ግን አንሶላ በወጉ የሚያጥብ ሰው ነው። እጇን ያወጣችው እሷ ብቻ ሆነች። ምእመናኑ ቀለቧንና የቤት ኪራይዋን ሊችሉላት፣ እሷ ደግሞ በየእሁዱ በድምፅ መልእክት ወሬዋን ልትልክላቸው ተስማሙ። መልእክቱን ከስልኬ ወደ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ የማገናኘው እኔ ስለሆንኩ፣ ነገሩን ሌላ ሰው ባያወራው ደስ ይለኛል።

ወሬዋ ወሬ ነበር! «መጭመቂያው ማሽን ተሰብሮ በእጃችን ስንጨምቅ ሰነበትን። ከዋና ነርሷ ጋር ተኮራርፈን ነበር፣ ታርቀናል። እነዚህ ጉዶች ደም የነካውን ልብስ በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፉታል፤ በቀዝቃዛ ነው ብዬ ጮኼባቸዋለሁ። በሉ ጸልዩልኝ፣ በተለይ ለወገቤ።» ሰው ይስቃል። እኔ በኩራት ልፈነዳ እደርሳለሁ።

የሚሲዮን ኮሚቴው ሰብሳቢ ግን አይስቅም። ሰውየው የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሶፋ የሚሸጥበትን ዘዴ ለሁሉ ነገር የሚበቃ ይመስለዋል። አንድ ቀን ወደ ጥግ ወሰደኝና፣ «ልጄ፣ አክስትሽ ስለ ሳሙና ነው የምታወራው። ሰው እጁን የሚዘረጋው አንጀቱ ሲላወስ ነው። አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ፣ የምታለቅስ እናት፣ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ትላክ። አለዚያ ኮሚቴው ሌላ የሚረዳው ሰው ይፈልጋል፣ እሷም ትመለሳለች» አለኝ።

ደወልኩላት።

«አልልክም በይው።»

«አክስቴ፣ ይመልሱሻል እኮ!»

«ይመልሱኛ! እኔ የመጣሁት አንሶላ ላሰጣ ነው፣ የሰው ገመና ላሰጣ አይደለም።»

አነጋገሯ ደፋር ይሁን እንጂ ድምጿ ሻክሮ ነበር። ስንት ዓመት ከኃላፊ በታች ስትታዘዝ ኖራ እዚያ ገና አሁን ኃላፊ መሆኗ ነው፤ ሥራ የምታስተምራቸው ሁለት ሴቶችም አሏት። ቤታችን ስትኖር እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። መመለስ ሞቷ እንደሆነ አውቃለሁ።

በሚቀጥለው እሁድ ሰብሳቢው ሳያማክረኝ፣ «ዛሬ እህታችንን በቀጥታ በስክሪን እናያታለን!» ብሎ ለሕዝቡ አወጀ። ደውዪ አለኝ። ደወልኩ። አክስቴ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ እጇ እንደረጠበ ብቅ አለች።

«እህቴ፣ እስቲ ስልኩን ይዘሽ በሽተኞቹ የተኙበት ክፍል ግቢልን» አላት፣ ማር በተቀባ ድምፅ። «በዓይናችን አይተን እንጸልይላቸው።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ ስልኩን አዞረችው። ገመድ ላይ የተሰጣ አንሶላ ስክሪኑን ሞላው።

«በሽተኞቹን ነው ያልኩሽ፣ እህቴ።»

«ሰምቼዎታለሁ፣ ጋሼ። እዚህ አንሶላ ላይ ነው የሚተኙት። እግዚአብሔር ፊታቸውን ያውቀዋል፣ እናንተ ጸልዩ።»

አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። የሰብሳቢው ማር አለቀ። «የላከሽ እኮ ይህ ሁሉ ሕዝብ ነው! ማየት መብቱ ነው!»

«እንግዲያው ይህ ሁሉ ሕዝብ ይስማኝ» አለችና ስልኩን ወደ ራሷ መለሰችው። «እኔ በሠራሁበት ሆስፒታል ያልተኛ ከእናንተ ማን አለ? የወለዳችሁ፣ ኦፕራሲዮን የተደረጋችሁ፣ ሽንት ያመለጣችሁ፣ አንሶላችሁን ያጠብኩት እኔ ነኝ። የማን እንደሆነም አውቅ ነበር። እስቲ ‹በረኪና ስለ እኔ አወራች› የሚል አንድ ሰው ይነሳ!»

እኔ ድምፁን ጨመርኩት። ሰብሳቢው በዓይኑ «ቀንሺ» አለኝ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

ማንም አልተነሳም።

«ለእናንተ የዘጋሁትን አፍ በእነዚህ ላይ አልከፍተውም። አገራቸው ስለመጣሁ የእኔ ዕቃ አይደሉም። ልትመልሱኝ ከፈለጋችሁ ዛሬውኑ መልሱኝ።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት «የምን መመለስ!» አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን እንደያዘ ቆመ። በመጨረሻ «በርቺ፣ እህቴ» አላትና ተቀመጠ።

እሷ ከመሄዷ በፊት በነበረው ክረምት እሱም አክስቴ በምትሠራበት ሆስፒታል ለሳምንታት ተኝቶ ነበር። አክስቴና እኔ ያኔ የምናድረው በአንድ ክፍል ነበር፤ ምን ሆኖ እንደተኛ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።