ከሹራቡ የማትለቅ የሌሊት ወፍ

እኛ ሰፈር፣ የሌሊት ወፍ ሰው ላይ ከተለጠፈች ነጋሪት ካልተመታ አትለቅም ይባላል። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ ያለው ሾላ ሲያፈራ የሌሊት ወፎች ይመጣሉ፤ ፍሬውን አኝከው ጭማቂውን ይመጥጡና ገለባውን የታጠበ ልብሴ ላይ ይተፉታል። በልብሱ እናደዳለሁ እንጂ እነሱን ፈርቼ አላውቅም።

ያን ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ትንሿ ልጄ ከሾላው ሥር ልብስ ትሰበስብልኝ ነበር። አንዲት የሌሊት ወፍ ሳይመሽ ወጥታ ኖሮ ቁራ አሳደዳትና ልጄ ላይ ወደቀች። ሹራቧን ቧጥጣ ወጣችና ከአንገትጌው ቁልቁል ተንጠለጠለች። ጥፍሯ የልጄን ጉሮሮ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከነከሰቻት ወይም ከቧጨረቻት የእብድ ውሻ በሽታ ልታስይዛት እንደምትችል አውቃለሁ።

“እንዳትንቀሳቀሺ!” ብዬ ጮኽኩባት። እንዲያ ጮኼባት አላውቅም። ልጄ ደርቃ ቀረች።

ጩኸቴን የሰሙት ባለሱቋ ጎረቤታችን ሳፋና ማማሰያ ይዘው ሮጠው መጡ። ነጋሪት ከየት ያምጡ? ልጄ ፊት ቆመው ሳፋውን ይደበድቡት ጀመር። ድምፁ በጨመረ ቁጥር ወፏ ይበልጥ ትጣበቃለች። ይተዉ ብላቸው አልሰማ አሉኝ። እኔም እጄን በፎጣ ጠቅልዬ ወፏን ቁልቁል ጎተትኳት። ሹራቡ አብሯት ተሳበ፤ ልጄ አቃሰተች።

በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው። የሌሊት ወፍ ስትንጠለጠል የገዛ ክብደቷ ጅማቷን ስቦ ጣቶቿን ይቆልፋቸዋል፤ ተኝታ እንኳ የማትወድቀው ለዚህ ነው። ቁልቁል የጎተታት ሰው ቁልፉን ያጠብቀዋል። ይህ ሁሉ በድንጋጤ ብን ብሎ ጠፍቶብኝ ነበር። ደግሜ ልጎትት ስል ክንፏ ገለጥ አለ። ጡቷን ጎርሶ ደረቷ ላይ የተለጠፈ ልጇን አየሁ።

“ልጅ ይዛለች” አልኩ። የሳፋው ድምፅ ቆመ። የሁለቱን ክብደት ሳስብ ነው ትምህርቴ የመጣልኝ። መዳፌን ከሥሯ አስገብቼ ወደ ላይ አነሳኋት። ጣቶቿ ተራ በተራ ተከፈቱ። ግንዱ ላይ ሳስጠጋት ልጇን እንደያዘች እየቧጠጠች ወጣች።

ልጄን ላቅፍ ዞርኩ። እሷ ግን አልፋኝ ሄዳ በጎረቤታችን ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች፤ ለቅሶዋም ያኔ ነው የመጣው። ለማንኛውም ሐኪም ዘንድ መሄዳችን አይቀርም፤ መጀመሪያ አንገቷን እንዳይ ግን ለመንኳት። አላስነካም አለችኝ። ጎረቤታችን አገጯን ቀና አድርገው፣ አንገትጌውን ዝቅ አድርገው፣ ግራ ቀኙን ቀስ ብለው አዩ። እኔ የማየው የእሳቸውን ፊት ብቻ ነበር።

“ምንም የለም፣ አልነካቻትም” አሉኝ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ ፊቷን ከቀሚሳቸው ሳታወጣ፣ “እማዬ ወደዚህ እንዳትመጣ” አለቻቸው።