ቱታው የይመር ነው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የክፍላችን ኃላፊ አቶ ደረጀ አንድ ፍላሽ ሰጡኝና «ይህችን ላም የእኛ አስመስላት» አሉኝ። ላሚቱ ከኢንተርኔት የወረደች፣ ጥቁርና ነጭ፣ ግቷ መሬት ሊነካ የደረሰ የፈረንጅ ላም ነበረች። የተፈለገችው ለታችኛው ክፍል ልጆች ለሚታተም የቤት እንስሳት ፖስተር ነው። ሻኛ አወጣሁላት፣ ቀንዷን አስረዘምኩ፣ ቆዳዋን ቀይ አደረግኩ። አቶ ደረጀ ከኋላዬ ቆመው አይተው «አሁን ወሎዬ ሆነች» አሉ። ግቷን ግን እንዳለ ተውኩት፤ እሱንም ማሳነስ እንዳለብኝ አልታሰበኝም።

ፖስተሩ ቢስቲማ ትምህርት ቤት ከደረሰ በኋላ ከዚያ አንድ መምህር ለሥልጠና ደሴ መጥቶ ወሬውን ነገረን። ልጆቹን «ይህች ምንድን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ አንዷ ተነሥታ «ላም ናት፤ ግን ግቷን አሟታል» አለችው። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ልጅቷ ልክ ነበረች።

ወደዚያ ቢሮ የገባሁት ከፎቶ ቤት ነው። ደሴ ፒያሳ ጋሽ ሁሴን ዘንድ ለዓመታት ጉርድ ፎቶ ሠርቻለሁ። ጋሽ ሁሴን ኮምፒዩተራቸው ውስጥ ሦስት ሱፍ ነበራቸው፤ ጥቁር፣ ሰማያዊና ግራጫ፣ ሁሉም ከነከረባታቸው። ዐረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት የሚያወጣ የገጠር ልጅ በሹራቡ ተቀምጦ ይነሣል፤ እኛ ከአንገቱ ቆርጠን ሱፉ ላይ እንተክለዋለን። ከደሴ ዙሪያና ከሐርቡ የወጣ ስንት ጎረምሳ ያንኑ ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ ተሰዷል።

ጋሽ ሁሴን ሁለት ነገር አይፈቅዱም ነበር። አንደኛው ፊት መነካካት ነው። «ልብሱን እንደፈለግክ አድርገው። ፊቱን ግን ተወው፤ የአላህ ሥራ ነው» ይሉኛል። ሁለተኛው ፎቶ መደምሰስ ነው። ዲስኩ ሲሞላ ሌላ ይገዛሉ እንጂ የአንድ ሰው ፊት አያጠፉም። ያኔ የሽማግሌ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

በትምህርት መርጃ መሣሪያ ክፍል ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ሥዕል ትፈልጋለህ፣ ባክግራውንዱን ትቆርጣለህ፣ ጽሑፍ ትጨምራለህ። ውስጡ ስትገባ ግን ሌላ ነው። ሥዕሉ ከመጨረሻው ወንበር መታየት አለበት። በቀለም የታተመው ገጠር ሲደርስ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ይባዛል፤ ስለዚህ ቀዩና አረንጓዴው እኩል ከጠቆሩ ልጁ የበሰለውን ቲማቲም ካልበሰለው አይለይም። እኔ ማንኛውንም ሥራ ከማስረከቤ በፊት ቀለሙን አጥፍቼ አየው ነበር። አቶ ደረጀ ይህን ከእኔ ሰምተው በሚቀጥለው ስብሰባ መልሰው ለእኔ ያስረዱኛል። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው።

ከላሚቱ በኋላ «የራሳችንን ሰውና የራሳችንን ከብት እናንሣ» እያልኩ ስወተውት ኖርኩ። የተፈቀደልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ከጦርነቱ ማግስት ነው። የመጀመሪያው ፖስተር ስለ ሥራ ዓይነቶች ሆነ። ለፋብሪካ ሠራተኛው ሥዕል ካሜራዬን ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

አንድ ክር ፋብሪካ ገብተን እንድናነሣ ፈቀደልን። የፈረቃው ኃላፊ ቁመናቸው ያማረ ወጣቶች መርጦ አሰልፎ ጠበቀኝ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ማሽኑ ላይ አጎንብሶ የተበጠሰ ክር በሚቀጥል ቀጭን ሰው ላይ ነው። ይመር ይባላል። ጢሙና ቅንድቡ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሯል።

«ጋሼ፣ እኔን ምን ያረግላችኋል? መልክ ያለው ሞልቶ» አለኝ።

«የምፈልገው እጅህን ነው» አልኩት።

ቱታው ክርኑ ላይ አበባ ባለው አረንጓዴ እራፊ ተጥፎ ነበር። ሌላ ለብሼ ልምጣ ቢለኝ ከለከልኩት። «ሚስቴ ናት የጣፈችው፤ ከራሷ ቀሚስ ቆርጣ» አለ፣ እንደ ማፈር ብሎ።

ብልጭታ አልተጠቀምኩም፤ ከጎን ያለው መስኮት በቂ ብርሃን ነበረው። ሥራውን እስኪቀጥልና እኔን እስኪረሳኝ ጠበቅኩ። ከዚያ ዓይኑ ክሩ ላይ፣ ከንፈሩ ግጥም ብሎ፣ ሁለት ጣቶቹ ሊገናኙ ሲሉ አነሣሁት። በሥራ ዘመኔ ካነሣሁት ሁሉ የምኮራው በዚያ ፎቶ ነው።

በካሜራው ስክሪን ላይ ሳሳየው ብዙ ጊዜ አየው። «አንድ ያጥቡልኛል? ለልጄ» አለኝ። «ከሽሽት ስንመለስ ቤታችን ባዶ ነበር፤ አልበሙም ሄዷል። እኔ ደሞ ከዚያ ወዲህ አልተነሣሁም።»

«ኢንሻላህ» አልኩት።

ደሴ ተመልሼ አቶ ደረጀን አንድ ቅጂ ላትምለት ብዬ ጠየቅኩ። «ያልጸደቀ ሥዕል ከቢሮ አይወጣም» አሉኝ። ሲጸድቅስ ብላቸው «ሲጸድቅማ የቢሮው ንብረት ነው» አሉ። ደንብ ነው ብዬ ተውኩት።

ለማጽደቅ ሲቀመጡ ፎቶውን ስክሪን ላይ አስፍተው አዩት። «ይሄ ሰውዬ ታሟል እንዴ?»

«እየሠራ ነው» አልኳቸው።

«ፊቱ አላማረኝም። ልጆች ሥራ እንዲወዱ ነው የምንፈልገው። ይሄን አይቶ ማን ፋብሪካ ይገባል? አንድ የሚስቅ ፊት አድርግለት።»

«ልብስ በሉኝ፣ ጀርባውን ቀይር በሉኝ፤ የሰው ፊት ግን አልነካም» አልኩ። የጋሽ ሁሴን ቃል ከአፌ ሲወጣ ራሴም ገረመኝ።

አልተቆጡም። ፋይሉን ከእኔ ወስደው በሚቀጥለው ክፍል ላለው ብሩክ ሰጡት። ብሩክ ጨዋ ልጅ ነው፤ የታዘዘውን ሠራ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሉት ፕሮግራም ፊት ፈጠረና ይመር አንገት ላይ ተከለው። ጥርሱ የነጣ፣ ጉንጩ የሞላ፣ ካሜራ ካሜራ የሚያይ ሰው። ክር የሚቀጥል ሰው ደግሞ ካሜራ አያይም፤ ካየ ክሩ ያመልጠዋል። እራፊዋን የቱታው ጌጥ መስላው ሳይነካት አለፈ። የራሳችን ሰው ፊት እያለን ፊት ፍለጋ መሄድ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ተናገርኩ፤ የሰማኝ የለም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ኮምፒዩተሮች መጡልንና አሮጌዎቹ ለሌላ ክፍል ተዛወሩ። ዋናው ፎቶ ያለው ከአሮጌዎቹ በአንዱ ላይ ብቻ ነበር። መጀመሪያ የምንገለብጥበት ዲስክ ይሰጠን ብዬ ነበር። «የታተመው እያለ ጥሬው ምን ያደርግልሃል?» ተባልኩ። ማሽኑ ተጠርጎ ሄደ።

ጡረታዬ ሲቃረብ አንዲት ሴት ጥቁር ፌስታል ይዛ ቢሮዬ ገባች። ከሐርቡ በሚኒባስ ወጥታ፣ ከበር ጠባቂ እስከ መዝገብ ቤት ስትጠይቅ አርፍዳ ነው ያገኘችኝ። ከፌስታሉ አንድ ሰማያዊ ቱታ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። እራፊዋን አየሁ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ይመርን ያነሡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። እንዴት ነው ይመር?»

«ይመርማ አረፈ። ሳንባው ነው አሉ። ከቀበርነው ቆየ።»

ፋጡማ ትባላለች፤ ሚስቱ ናት። ከሞተ በኋላ ልጇን ሐያትን ይዛ ሐርቡ እናቷ ዘንድ ገብታለች። ውሃ አቀረብኩላት፤ አልጠጣችም።

«ሲያርፍ ልጅቱ ሕፃን ናት፤ መልኩን አታውቀውም» አለችኝ። «እሱ ግን ‹ፎቶዬ ትምህርት ቤት ይመጣላታል› እያለ ነው የሞተው። እኔም እንዲያው እያልኩ አሳደግኋት። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች። አንድ ቀን ‹እማ፣ አባዬን አገኘሁት፣ ግድግዳው ላይ ነው› ብላ እየሮጠች መጣች። በምን አወቅሽው ስላት ‹በእራፊው› አለችኝ። ቱታውን ቤት ሰቅዬው ሁሌ ታየዋለች።»

እራፊዋን በጣቷ ዳሰሰች።

«ደስ ብሎኝ ሄድኩ። እጁ የሱ ነው። ቱታው የሱ ነው። ከአንገት በላይ ግን ወላሂ አላውቀውም። ሐያት ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለዋለች ብላ መምህርቷ ነገረችኝ። ልጄን አይደለም ልበላት አልኩና፣ ታዲያ አባቴ የትኛው ነው ብትለኝ ምን አሳያታለሁ? ዋናውን ይስጡኝ ጋሼ። ይዤ ልንገራት።»

ዋናው እንደሌለ እንዴት እንደነገርኳት አላስታውስም። የማስታውሰው ቱታውን መልሳ ማጠፍ መጀመሯን ነው። ተይው አልኳትና ወደ አቶ ደረጀ ይዣት ገባሁ።

አቶ ደረጀ በትሕትና አስቀመጧት። «እህቴ፣ ለማስተማሪያ እኮ ነው። ቅር አይበልሽ፤ የሌላ ሰው ፊት አይደለም። በኮምፒዩተር የተፈጠረ ነው፣ የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ ፊት ነው ለልጄ አባት ያደረጋችሁባት?» አለች ፋጡማ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

አቶ ደረጀ ስልካቸውን ማየት ጀመሩ። በሚቀጥለው እትም ይታያል አሉ። በስንት ትምህርት ቤት የተሰቀለ ፖስተር ለአንድ ሰው ተብሎ እንደማይነሣ እኔም እሷም ገብቶናል።

ደረጃውን ስንወርድ አንድ ነገር ትዝ አላት። ሳይጋቡ በፊት ይመር ዐረብ አገር ሊሄድ አስቦ ፒያሳ ጉርድ ፎቶ ተነሥቶ ነበር። «ያኔ ባይቀር ኑሮ፣ ማን ያውቃል፣ ብናኙን አይውጥም ነበር» አለች። እኔ ክንዷን ይዤ ወደ ጋሽ ሁሴን እየወሰድኳት ነበር።

ጋሽ ሁሴን አርጅተዋል። በሽሽቱ ጊዜ ካሜራቸውን ጥለው ዲስኮቹን በጨርቅ ጠቅልለው ወገባቸው ላይ አስረው ነው የወጡት። ስሙን ነገርናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ይመሮችን ካሳለፉ በኋላ አንዱ ላይ ፋጡማ ሻርፗን በአፏ ላይ ያዘች። ሰማያዊ ሱፍ ከነከረባታው። አጠገቡ ሱፍ ሳይለብስ በሹራብ የተነሣው ዋናው ፎቶ አለ፤ ጋሽ ሁሴን እሱንም አልደመሰሱም። ፋጡማ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም።

ልጅቷ አባቷን የምታውቀው በእራፊው ስለሆነ፣ ፊቱን ከጉርዱ፣ እጁንና ቱታውን ከፖስተሩ ወስጄ አንድ ሰው ማድረግ ጀመርኩ። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ጉርዱ በብልጭታ ከፊት ለፊት የተነሣ ነው፤ እጁ ደግሞ በመስኮት ብርሃን ከጎን ነው። እንዳይለያይ አንዱ ጉንጩ ላይ ጥላ ማድረግ ነበረብኝ። ጋሽ ሁሴንን አስፈቀድኩ። «ጥላ ፊት አይደለም፤ አድርግ» አሉኝ።

ዓይኑን ግን ወደ ክሩ ማውረድ አልቻልኩም። ለፓስፖርት የተነሣ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚያየው። ለማውረድ መፍጠር ይጠይቃል፤ መፍጠር ደግሞ በቅቶናል። ስለዚህ ይመር እጁ እየሠራ፣ ዓይኑ ኮስተር ብሎ እኛን እያየ ቀረ።

ጥሩ ወረቀት ላይ አትሜ ራሴ ሐርቡ ወሰድኩት። ሐያት ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ከፋጡማ ጋር በረንዳ ላይ ጠበቅን። ልጅቷ ስትመጣ ቦርሳዋን አውርዳ ጉልበቴን ስማ ቆመች። ፎቶውን ሰጠኋት። ጣቷ በቀጥታ ክርኑ ላይ ሄደ።

«እራፊው አለ» አለች።

ከዚያ ፊቱን አየች። ወረቀቱን አቅርባ አየች፣ አርቃም አየች።

«ይሄ ማነው?»

«አባትሽ ነው ልጄ» አለቻት ፋጡማ። «ያኛው በስሕተት የመጣ ነው። እሱ ይሄ ነው።»

ሐያት ራሷን ወዘወዘች። «አይደለም። ይሄ ተቆጥቷል። አባዬ ይስቃል።»

ፎቶውን እንደ ጨዋ ልጅ በሁለት እጇ መለሰችልኝና ወደ ውስጥ ገባች።

ፋጡማ ከእጄ ወስዳ በቱታው ጠቅልላ አስቀመጠችው። «አብሽሩ ጋሼ» አለችኝ። «ስታድግ ታውቀዋለች።» እሷን ላጽናና የሄድኩት እኔ ነበርኩ፤ ተጽናንቼ ተመለስኩ።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቢሮው ዋና ፎቶዎች እንዳይጠፉ መመሪያ አወጣ አሉኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፖስተሩ አሁንም ሐርቡ ተሰቅሏል፤ ሐያትም ጠዋት ጠዋት ሰላም ትለዋለች።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ብቻ ነው። ሰው ስታነሡ ዋናውን አስቀድማችሁ ለራሱ ለተነሣው ስጡት። ለቢሮው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።